ከአንጎል መናወጥ በኋላ የሚመጣ የደረት ውጋት

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ከአምስት ሳምንት በፊት ከብስክሌት ወድቄ ጭንቅላቴ ተመታ። ሲቲ ስካኑ ምንም አላሳየም፤ ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) ነው ተባልኩ። ራስ ምታቱና ማዞሩ እየቀነሰልኝ ሳለ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ ግራ ደረቴን ይወጋኛል፤ አንዳንዴም ጭምቅ ያደርገኛል። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ይመጣል፣ ደረጃ ስወጣም ይመጣል፤ ልቤም በኃይል ይመታል። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሥቼ ደህና ነው ተብያለሁ፤ ሕመሙ ግን አልተወኝም። ከጭንቅላቴ ጉዳት ጋር ይያያዛል ወይስ ልቤ ነው?»

መልስ፦ የደረት ሕመም ከኮንከሽን የተለመዱ ምልክቶች አንዱ አይደለም። የተለመዱት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ድምፅ አለመቻል፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃት፣ የእንቅልፍ መዛባትና ቶሎ መናደድ ናቸው። ስለዚህ ደረት ሲታመም «ጭንቅላቴ ስለተመታ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሕመሙ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም የደረት ሕመም ራሱን ችሎ መመርመር አለበት። ልብና ሳንባ ደህና መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ግን ኮንከሽኑ ተመልሶ ወደ ጥያቄው ይገባል። አደጋው ራሱ፣ ከአደጋው በኋላ የተደረገው እረፍትና የሚወሰደው መድኃኒት ደረትን የሚያሳምሙባቸው የታወቁ መንገዶች አሉ፤ አብዛኞቹም ይታከማሉ። በእርስዎ ዕድሜና ሁኔታ ከእነዚህ አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሆኖም ከጻፉት ውስጥ «ደረጃ ስወጣ ይመጣል» የሚለው ቃል ገና ያልተዘጋ ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ ቀጠሮ የማይጠብቁትን ልለይ። ደረትን የሚጫን ወይም የሚጨምቅ ሕመም ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ማስመለስ ከተከተለው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መግባት ያስፈልጋል። በድንገት የጀመረ፣ የሚቀድ ዓይነትና ወደ ጀርባ የሚሄድ ከባድ ሕመምም እንደዚሁ ነው። ሲተነፍሱ የሚወጋ ሆኖ ትንፋሽ ካጠረ፣ አክታ ላይ ደም ከታየ ወይም የአንድ እግር ባት ካበጠ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከሕመሙ ጋር ራስን መሳት ካለም አንድ ቀን እንኳ ማሳደር አያስፈልግም። በእነዚህ ሁኔታዎች መኪና ራስዎ አይንዱ።

እዚህ ላይ ጭንቅላቱ የተመታን ሰው ከሌላው የሚለየው ትልቅ ነገር አለ። ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲጠረጠር አስፕሪን ማኘክ የተለመደ ምክር ነው። ጭንቅላቱ በቅርቡ የተመታ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ መዋጥ የለበትም፤ አስፕሪንም ሆነ ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አንጎል ውስጥ ያለ መድማትን ሊያባብስ ይችላል። የረጋ ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶችን ለመስጠት ደግሞ ሐኪሞች ባለፉት 3 ወራት ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ስለዚህ አምቡላንስ ሲጠሩም ሆነ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ከመጀመሪያዎቹ ቃላትዎ መካከል «ከአምስት ሳምንት በፊት ጭንቅላቴ ተመትቷል፤ ሲቲ ስካን ተነሥቻለሁ» የሚለው ይሁን። የሲቲ ስካኑን ውጤት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዙት። መድኃኒቱ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ሁለቱንም ጉዳዮች አንድ ላይ የሚያየው ሐኪም ነው፤ እሱም ማወቅ የሚችለው ሲነገረው ነው።

አሁን ወደ ወደቁበት ቀን እንመለስ። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ወድቀው ነው ጭንቅላትዎ የተመታው ወይስ ራስዎን ስተው ነው የወደቁት?» የሚለው ነው። የመጨረሻ ትዝ የሚልዎት ምንድን ነው? ድንጋይ ወይም መኪና መጥቶብዎት ከሆነ የአወዳደቁ ምክንያት ታውቋል። ዓይንዎ ጨልሞ፣ ልብዎ ሲሮጥ ተሰምቶዎት ወይም ያለ ምንም ምክንያት መሬት ላይ ራስዎን አግኝተው ከሆነ ግን የልብ ምት መዛባት ወይም የልብ ጡንቻና ቫልቭ ችግር ቀድሞ ኖሮ ይሆናል፤ ኮንከሽኑ ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም ማለት ነው። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለም ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ያልፋል፤ የጭንቅላቱ ጉዳት የሁሉንም ዓይን ይስባልና።

ሁለተኛው ጥያቄ ሌላ የተመታ ቦታ አለ ወይ የሚለው ነው። ከብስክሌት የሚወድቅ ሰው በእጀታው ደረቱን ይመታል፣ በትከሻው ያርፋል፣ ክንዱን ዘርግቶ ይመክታል። ያልተለያየ የጎድን አጥንት ስንጥቅ በተራ ኤክስሬይ ላይ ሳይታይ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ለመዳንም 6 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። «ታዲያ ለምን ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀመረኝ?» ቢሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስ ምታቱ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል፤ የሚወስዱት ማስታገሻም የደረቱን ሕመም አብሮ ያስታግሳል፤ እንቅስቃሴም ጥቂት ነው። ራስ ምታቱ ሲቀንስ፣ ክኒኑ ሲቆምና ሰውየው ወደ ሥራው ሲመለስ ደረቱ ይናገራል። ከሳምንታት በኋላ በእርግጥ አዲስ ሆነው የሚመጡም ሁለት አሉ። አንደኛው በተጋደሙባቸው ቀናት እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። ሌላው ደረት ከተመታ በኋላ ልብን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን መቆጣቱ ነው፤ ይህኛው በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፣ ተቀምጠው ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ቀለል ይላል፤ ትኩሳትም ሊኖረው ይችላል።

የተነሡት ኢሲጂ ጠቃሚ ነው፤ ግን የሚመዘግበው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሕመሙ በሌለበት ሰዓት የተነሣ ኢሲጂ የሚነግረን ያኔ ልብዎ እንዴት እንደነበር ነው። ከዚህ በኋላ ምን ይጨመር የሚለው እንደ ሕመሙ ዓይነት ይለያያል። ሕመሙ ቅርብ ጊዜ ከሆነና የልብ ከመሰለ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይሠራል፤ ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሆነም ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል። የደረት ኤክስሬይ በሳንባ ዙሪያ የገባ አየርን፣ ፈሳሽንና የተለያየ ስብራትን ያሳያል። ዲ-ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ የረጋ ደም የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ በሆነ ሰው ላይ ኔጌቲቭ ከሆነ ያረጋጋል፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ጉዳት ራሱ ሊያንረው ይችላልና። የልብ ምት ስሜቱ በየቀኑ የሚመጣ ከሆነ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ደረት ላይ የሚታሰር ሆልተር የሚባል መሣሪያ ከአንድ ኢሲጂ በብዙ ይበልጣል። በሳምንት አንዴ ብቻ ከመጣ ግን ሆልተሩ ሳይይዘው ይወጣል፤ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ መቅጃ ይጠይቁ።

የደረጃውን ነገር አሁን እንየው። ሕመሙ ደረጃ በወጡ ቁጥር የሚመጣ፣ ሲቆሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚለቅ ከሆነ፣ ኢሲጂው ደህና ቢሆንም በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይመለሱና የልብ አልትራሳውንድና እንደ አስፈላጊነቱ በእንቅስቃሴ ላይ የሚደረግ የልብ ምርመራ ይጠይቁ። እስከዚያ ስፖርት አይጀምሩ። አንድ ቀን መጥቶ ሌላ ቀን የማይመጣ፣ ወይም ደረጃውን ከወጡ በኋላ ተቀምጠው ሳለ የሚጀምር ከሆነ ስጋቱ ይቀንሳል።

ልብና ሳንባ ከተጣሩ በኋላ የደረት ግድግዳን ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ከአንገትዎ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ተነሥተው ጣትዎን በደረትዎ መሃል አጥንት ላይ ወደ ታች ያውርዱ። 5 ሴንቲሜትር ገደማ ሲወርዱ አግድም የሆነ ጉብታ ያገኛሉ። ከዚያ በግራና በቀኝ የሚነሣው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ነው። ከእሱ ጀምረው አጥንቱ ከልም አጥንት በሚገናኝበት መስመር እስከ አምስተኛው ድረስ አንድ በአንድ፣ የጣትዎ ጥፍር ነጣ እስኪል ድረስ ይጫኑ። ግራውን ከቀኙ ጋር ያነጻጽሩ። የሚፈለገው «ያመኛል» የሚል መልስ አይደለም፤ ጠንከር ብሎ የተጫነ ደረት ማንንም ያማል። የሚፈለገው «ያ የሚመጣብኝ ሕመም ራሱ ይኸው ነው» ማለትዎ ነው። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ባሉት መገናኛዎች ላይ እብጠት ሳይኖር የሚያም ከሆነ የልም አጥንት መቆጣት ነው የሚጠረጠረው፤ እብጠት ካለ፣ በተለይ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ፣ ለሐኪም ያሳዩት። ደረት ሲጫኑት ማመሙ ግን ብቻውን ልብን ነጻ አያወጣም፤ ለዚህ ነው ፈተናውን ከልብ ምርመራው በኋላ ያስቀመጥኩት።

ሕክምናው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይፈልጋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ ለጥቂት ሳምንታት ፑሽ አፕና ከባድ ዕቃ ማንሣትን መተው፣ ሕመሙ ሲብስ ፓራሲታሞል። የተሰነጠቀ የጎድን አጥንት ያለበት ሰው ደረቱን በጨርቅ ጠፍሮ ማሰር የለበትም፤ ትንፋሹ አጭር ይሆንና ሳንባው በደንብ ስለማይከፈት ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። በየሰዓቱ አሥር ያህል ጥልቅ ትንፋሽ መውሰድ ይሻላል፤ ቢያምም።

ኮምፒውተር ፊት የሚመጣውን ሕመም በተመለከተ እኔ መጀመሪያ የማየው አንገትንና የላይኛውን ጀርባ ነው። ጭንቅላትን ያናወጠ ኃይል አንገትንም ያናውጣል። ከታችኛው አንገት የሚወጡ ነርቮች ወደ ደረትና ወደ ክንድ ሕመም ይልካሉ፤ በጀርባ በኩል የጎድን አጥንት ከአከርካሪ የሚገናኝበት ቦታ ሲቆጣም ሕመሙ ጎንን ዞሮ ፊት ለፊት ይወጋል። ከኮንከሽን የሚያገግም ሰው ደግሞ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሶ፣ ፊደሉ ስለሚደበዝዝበት አንገቱን አስግጎ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ይቀመጣል። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ወገብዎን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዙሩ፤ ከዚያ አንገትዎን ወደየጎኑ ያዙሩ፣ ቀና ይበሉ። ሕመሙ በእነዚህ እንቅስቃሴዎች ከመጣ ወይም ከተለወጠ፣ የጭንቅላት ጉዳትን የሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት ከማንኛውም ክኒን የበለጠ ይጠቅምዎታል። እስከዚያ የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ከዓይንዎ እኩል ያድርጉ፣ ብርሃኑን ከመቀነስ ፊደሉን ያተልቁ፣ በየ25 ደቂቃው ይነሡ። ክንድ ከደነዘዘ ወይም ከደከመ ፊዚዮቴራፒ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ይየው።

«ልቤም በኃይል ይመታል» ያሉት ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይመራል። የልብን ምትና የደም ሥሮችን ውጥረት ያለ ፈቃዳችን የሚቆጣጠር የነርቭ ሥርዓት አለ፤ ትእዛዙም ከአንጎል ይነሣል። ከኮንከሽን በኋላ ይህ ሥርዓት ለጊዜው ሊዛባ ይችላል። በዚያ ላይ ብዙ የመተኛት ጣጣ ይጨመራል፦ ለቀናት የተጋደመ ሰው የደም ፈሳሹ መጠን ይቀንሳል፣ ልቡ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል፤ ሲነሣ ያንን ለማካካስ ልቡ ይሮጣል። ሰውየው ደረቱ ሲጨምቀውና ሲያዞረው ተመልሶ ይተኛል፤ መተኛቱም ችግሩን ያብሰዋል።

ይህን በቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። ጠዋት፣ ካፌይን ያለበት ነገር ሳይወስዱ፣ አጠገብዎ ሰው ባለበት ይሥሩት። ለ10 ደቂቃ በጀርባዎ ተኝተው በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ የደም ግፊትዎንና የልብ ምትዎን ይለኩ። ከዚያ ይነሡና ሳይራመዱና ሳያወሩ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ይለኩ። ዓይንዎ ከጨለመ ወዲያው ይቀመጡ። የላይኛው ግፊት በ3 ደቂቃ ውስጥ በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሲቆሙ ግፊት መውረድ ነው። ግፊቱ ሳይወርድ ልብ ከተኙበት በደቂቃ 30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ እዚያው ከቆየ፣ ምልክቶቹም አብረው ከመጡ፣ ፖትስ ከሚባለው ችግር ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ ዕድሜው ከ12 እስከ 19 ለሆነ ልጅ መለኪያው 40 ነው። ስሙን ለመስጠት ምልክቶቹ 3 ወር መቆየት ስላለባቸው በአምስተኛው ሳምንት ላይ ማንም እንዲህ ብሎ ሊጠራልዎ አይገባም፤ የሚረዳው ነገር ግን አሁንም ያው ነው። በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ፣ ከአልጋ ከመነሣት በፊት ጥቂት ደቂቃ ጠርዙ ላይ መቀመጥ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ። ጨው መጨመርም ይረዳል፤ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጨውም ሆነ ፈሳሽ አይጨምር።

ዋናው መድኃኒት ግን እንቅስቃሴ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት መተኛት የድሮ ምክር ነው፤ አሁን የሚመከረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ እረፍት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መነቃነቅ ነው። በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የትሬድሚል ፈተና አለ፤ ሰውየው እየተራመደ ዳገቱ በየደቂቃው ይጨመራል፣ ምልክቶቹ ከ10 በ3 ነጥብ ሲብሱ ይቆማል፣ ያን ጊዜ የነበረው የልብ ምት ወሰኑ ይሆናል። ልምምዱ ከዚያ ወሰን ከ80 እስከ 90 በመቶው ላይ፣ በቀን 20 ደቂቃ ነው። ወሰንዎ 140 ከሆነ ከ112 እስከ 126 ባለው ውስጥ ይሠራሉ ማለት ነው። መቆም ለሚከብደው ሰው ጀርባ ደግፎ የሚነዳ የቤት ብስክሌት ይሻላል። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ወሰኑን ከ5 እስከ 10 ምት ከፍ ያደርጋሉ። ራስ ምታቱ በ1 ወይም በ2 ነጥብ ብሶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ችግር የለውም፤ አይፍሩት። የደረት ሕመም ከመጣ ግን ነጥብ አይቆጠርም፤ ያቁሙ።

ጭንቀትንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ብዙ ሰው «ጭንቀት ነው» ሲባል ሕመሙን እንዳላመኑት ስለሚቆጥር ይከፋዋል። ሕመሙ እውነተኛ ነው። በፍጥነትና በላይኛው ደረት የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወርዳል፤ ጣቶቹና የከንፈሩ ዙሪያ ይነዝረዋል፣ ያዞረዋል፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉ ጡንቻዎችም ይዝሉና ይወጋሉ። ምልክቱ ከኮንከሽን ማዞር ጋር ስለሚመሳሰል ፍርሃቱን ያንረዋል። አንድ እጅ ሆድ ላይ አድርገው በአፍንጫዎ 4 ሰከንድ ያስገቡ፣ 6 ሰከንድ ያስወጡ፤ ለ5 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሳያምዎትም ጭምር። ሕመም ሲመጣ ብቻ የሚሞክረው ሰው አይሳካለትም፤ ሰውነት አስቀድሞ መልመድ አለበት። በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስን ይተዉት፤ ችግሩ የሳንባ ወይም የልብ ከሆነ ኦክስጅን ያሳጣል።

የመድኃኒት ከረጢትዎንም ይክፈቱ። ለራስ ምታት የሚወሰደው አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላል፣ ቃሩም ደረት መሃል ያቃጥላል። ክኒን በትንሽ ውኃ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮ ቧንቧ ውስጥ አጣብቆ ያቆስላል፤ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡና 30 ደቂቃ ቀና ብለው ይቆዩ። ትሪፕታን የሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶች ደረትንና አንገትን ጭምቅ ያደርጋሉ፤ የልብ ደም ሥር ሕመም ላለበት ሰው አይሰጡም። ራስ ምታትን ለመከላከል የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን የልብን ምት ያፈጥናል። ለዚያው የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል በድንገት ከተቋረጠ ልብ ይሮጣል፤ በሐኪም መሪነት ነው ቀስ በቀስ የሚቀነሰው። ካፌይን የተጨመረበት ማስታገሻም እንቅልፍ ይነሣል፣ ልብን ያስመታል። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ መውሰድ ደግሞ ራሱ ራስ ምታት ስለሚያመጣ ቀኖቹን ይቁጠሩ።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ፦ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ስንት ሰከንድ ወይም ደቂቃ እንደቆየ፣ ምን እያደረጉ እንደነበር፣ ተቀምጠው፣ ቆመው ወይስ ተኝተው፣ ሲተነፍሱ ይብሳል ወይ፣ በጣትዎ ያሳዩታል ወይስ በመዳፍዎ፣ የልብ ምትዎ ስንት ነበር፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ምን ክኒን ዋጡ። በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ከሰከንዶች እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ የሚጠፋ ውጋት ከደረት ግድግዳ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በመዳፍ የሚታይ፣ ከእንቅስቃሴ ጋር የሚመጣ ጭምቀት የልብ ሐኪም የሚፈልግ ነው። የመዘገቡትን ለሐኪሙ ሲሰጡ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ሊሆኑ እንደሚችሉም ይንገሩት፤ «ይወጋኛል» እና «ይጨምቀኛል» ብለው የጻፉት ከአንድ ምንጭ ላይመጣ ይችላል።

የደረት ግድግዳ ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ መሄድ አለበት። የልብን ምት የሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት መዛባት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ አዝማሚያው ግን ወደ መሻል መሆን አለበት። ልምምዱን በትክክል ለ4 ሳምንት ሠርተው ምንም ካልተለወጠ ወደ ኮንከሽን ክሊኒክ ወይም ወደ ነርቭ ሐኪም እንዲላኩ ይጠይቁ። እየተሻለ የነበረው ራስ ምታት ተመልሶ ከበረታ፣ ደጋግሞ ካስመለስዎት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለዎት፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎን ከደከመ ግን ይህ ሁሉ ይቆይና በዚያው ቀን ጭንቅላትዎ እንደገና ይታይ፤ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ከሳምንታት በኋላም ሊገለጥ ይችላልና፣ የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ንጹሕ መሆኑ ለዚህ ዋስትና አይሆንም።